ከዋርካው በላይ ሞተር ይጠፋል

ኢንስፔክተር አፊፋ በጅማ ከተማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር፣ ቤቷ በር ላይ ባጃጅ እየጠበቀች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ደዋዩ የአሰንዳቦው ሳጅን ዘለቀ ነበር።

«ኢንስፔክተር፣ የግድቡ ሐይቅ ላይ ሸኩር የሚባል ጀልባ ነጂ ሞቷል። ግን ብዙ አያስቸግርዎትም። ገዳዩ በገዛ እግሩ መጥቶ እጁን ሰጥቷል። መጥተው መፈረም ብቻ ነው።»

«ማን ነው?»

«ፋሂም የሚባል የአይሱዙ ባለቤት። ‹እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ፍረዱብኝና ገላግሉኝ› ይላል። እህል አልቀምስም ብሎ ተቀምጧል።»

አፊፋ ስልኩን ስትዘጋ ደስ አላላትም። ጥፋተኝነት የሚሰማው ሰውና ጥፋተኛው ሰው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም፤ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ይህን የሚያስታውስ ደግሞ ጥቂት ነው። ሳጅን ዘለቀ መልካም ሰው ነበር። ሆኖም የበሰለ ነገር ሲቀርብለት ድስቱን ከፍቶ የሚያይ ዓይነት አልነበረም።

ሐይቁ ከአሰንዳቦ ዝቅ ብሎ ተኝቷል። ወንዙ ሲገደብ ውሃው ሜዳውን ሞላው፤ ገንደ ኦዳ የምትባል መንደርም ከነመስጊዷና ከነመቃብሯ ከሥር ቀረች። የመንደሯ ልጆች ገሚሱ ማዶ ገሚሱ ወዲህ ሰፈሩ። ማረሻ ይጨብጥ የነበረ እጅ ሞተር ጨበጠና ሰዉ በገዛ እርሻው ላይ ጀልባ መንዳት ጀመረ።

ወቅቱ በጋ ነው፤ ውሃው ሸሽቷል። ከውሃው የወጣችው የሸኩር ጀልባ ጭቃው ላይ በጎኗ ተጋድማለች። ሆዷ ላይ የሰው ጭንቅላት የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለ።

«ያ ቢጫ ጀሪካን ይታይዎታል?» አለ ዘለቀ፣ ውሃው ላይ ወደሚንሳፈፈው እየጠቆመ። «ጀልባ ነጂዎቹ ውሃ ውስጥ ጉቶ ያለበትን ቦታ በጀሪካን ነው የሚያመለክቱት። ፋሂም ማታውን እስከ ደረቱ ውሃ ገብቶ ጀሪካኑን ከጉቶው ላይ ፈታና ራቅ አድርጎ አሰረው። በማግስቱ ከሰዓት ሸኩር ወደ ማዶ ሲነሳ ጀሪካኑን አምኖ ጉቶው ላይ ወጣ። ጀልባዋ ተቀደደች፣ እሱ ሰጠመ። አለቀ።»

«ሬሳው የት ተገኘ?»

«መሐል ላይ። ያ ደረቅ ዋርካ፣ አናቱ ከውሃ የወጣው፣ እሱ ሥር። ዓሣ አጥማጆች ናቸው ያገኙት። ባዶ እግሩን ነበር፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሰው የጣለው አሮጌ የዓሣ መረብ ተጠምጥሞበታል። ሐኪሙም፣ የገደለው ውሃ ነው ብሏል፤ ሌላ ቁስል የለውም። ወዲያው ተቀበረ።»

«ጫማውስ?»

«ጀልባዋ ውስጥ።» ዘለቀ ከፌስታል ጥቁር የላስቲክ ጫማ አወጣ። «ከፊተኛው መቀመጫ ሥር፣ ሶልና ሶሉ ተገጥሞ ተሸጉጦ አገኘሁት። ለመዋኘት ሲል አውልቆት ነው።»

«የሚሰጥም ሰው ጫማውን ሶል ለሶል ገጥሞ ይሸጉጣል?»

ዘለቀ ጫማውን ወደ ፌስታሉ መለሰው። አፊፋ ቀዳዳውን ለማየት ጎንበስ ስትል የሻሿ ጫፍ በጀልባዋ ውጭ በኩል በፈጠጠ ስንጥር ተያዘ። ቀስ ብላ አላቀቀችውና ስንጥሩን በጣቷ ዳሰሰች።

በዚህ መሐል አንድ ቀጭን ሰው ጭቃውን እየረገጠ መጣ። ሙሐመድሳኒ ነው፤ የሸኩር ሚስት የለጢፋ ወንድምና የሸኩር የጀልባ ረዳት። ዓይኑ በልቅሶ አብጧል።

«ኢና ሊላሂ! አብሬው መሆን ነበረብኝ፣ አዴ» አላት። «ያን ቀን ወባ ጥሎኝ እዚሁ አሰንዳቦ ቤቴ ተኝቼ ነበር። ብቻውን ላክሁት። ብኖር ኖሮ...» ዓይኑን በክንዱ ጠረገ።

አፊፋ ዓይኗን ወደ እግሩ ጣለች። የተወለወለ፣ ለሰርግ የሚደረግ የቆዳ ጫማ አድርጎ እስከ ማሰሪያው ጭቃ ውስጥ ሰምጧል።

«ጫማህ ሊበላሽ ነው» አለችው።

«ለለቅሶ ነው። ለክብሩ።»

ፋሂምን ጣቢያው ውስጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ አገኘችው። የጅማ መርካቶ ልጅ ነው። ገና ሳትጠይቀው ጀመረ።

«ጀሪካኑን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ምን ትጠይቂኛለሽ?»

«ለምን እንዳነሳኸው ነዋ።»

«ጀልባ ገደለችኝ!» ብሎ ከአፉ የወጣውን ቃል ሲሰማ ራሱ ደነገጠ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሐይቁን በመኪና ስዞር ቀኑ ያልቃል። ጎማ ይፈነዳል፣ በክረምት ጭቃው ይውጠኛል። እሷ ግን ትንሽ ቤንዚን ቀምሳ የእኔን ጭነት በአንድ ጊዜ ታሻግራለች። ነጋዴው ሁሉ ወደ ውሃ ዞረ። ኧረ ውሃ ቤታችሁ ድረስ አይመጣም፣ እዚያ ትጭናላችሁ፣ እዚህ ታራግፋላችሁ፣ መልሳችሁ መኪና ላይ ትጭናላችሁ፣ ጀንፈሉም፣ ያልተፈለፈለው ቡና፣ ርጥበት ይዞ ይሻግታል ብል ማን ይስማኝ? ጭነት የያዘች ጀልባ ጉቶ ላይ ብትቀመጥ፣ ቡናው ቢረጥብ፣ ሰዉ ወደ እኔ ይመለሳል አልኩ። ሰው ይሙት አላልኩም። ግን ሞተ።»

«ጀልባ ላይ ወጥተህ ታውቃለህ?»

«ወላሂ እግሬ ነክቷት አያውቅም። ዋና አልችልም።»

«እህል ብላ» አለችው አፊፋ ስትነሳ። «በረሃብ የደከመ ሰው ቃል ለእኔ አይጠቅመኝም።»

ሸኩር ያን ቀን የሄደው የቡና ነጋዴዋን የወይዘሮ ንግስትን ጭነት ሊያመጣ ነበርና አፊፋ ወደ እሷ መጋዘን አቀናች። ንግስት በጆንያዎቹ መሐል ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። እንግዳዋን ስታይ እንባዋ ቀደማት።

«የገደልኩት እኔ ነኝ» አለች።

ሁለተኛዋ ገዳይ፣ አለች አፊፋ በልቧ። ለአንድ ሬሳ ገዳይ ሲበዛ እውነተኛው መሸሸጊያ ያገኛል።

«ይንገሩኝ እስቲ።»

«ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሳል። ሁልጊዜ ከማዶ ወደዚህ ነው የሚነፍሰው። ሸኩር ደግሞ ከሰዓት አይሻገርም። እኔ ነኝ ደውዬ፣ ጀንፈሌ ማዶ ሜዳ ላይ ተሰጥቷል፣ ሰማዩ ጠቁሯል፣ ዛሬውኑ አምጣልኝ ብዬ የነዘነዝኩት። ‹እሺ እቴ› አለኝ። የመጨረሻ ቃሉ ‹እሺ እቴ› ነው።»

«በመኪና ቢያስመጡትስ?»

«መኪናው እስኪዞር ዝናቡ ይቀድመዋል። ጀልባ ከመጣ ወዲህ የማዶ ሰው ቡናው ሳይበሰብስ ይሸጣል፣ ምጥ የያዛት ሴት ሐኪም ዘንድ ትደርሳለች። ውሃው ባለውለታችን ነው፤ ግን ባለውለታም ይገድላል ለካ።»

«ጀልባዋ ከዚህ ስትነሳ ምን ጭና ነበር?»

«ምን ትጭናለች? ልታመጣ እኮ ነው የሄደችው። ባዶዋን ናት።»

«ባዶዋን» አለች አፊፋ። «ሸኩር የሚነዳው በጀሪካኖቹ እየተመራ ነበር?»

ንግስት በእንባዋ መሐል ፈገግ አለች። «እሱ? ጀሪካኑን የሚያስረው ለሌላው ነው። እሱማ ‹ይሄ የአባቴ አጥር ነው፣ ይሄ የመስጊዱ በር ነው› እያለ ያላየነውን አገር እያየ ነበር የሚነዳ።»

አፊፋ ዘለቀን ጠርታ ሁሉም ማዶ ወደሚገኘው ለቅሶ ቤት እንዲሻገሩ አዘዘች። ፋሂምም ካቴናው እጁ ላይ እንዳለ ይምጣ፣ ንግስትም ትምጣ።

«የሚነዳን ማን ነው?» አለ ዘለቀ።

«ሙሐመድሳኒ ነዋ። ከሸኩር ቀጥሎ ውሃውን የሚያውቅ እሱ ነው ይላሉ።»

አፊፋ ውሃ አትወድም። ቦሳ ኪቶ ያደገች ሰው ውሃን የምታውቀው ከቧንቧ ነው። የሸኩርን ጀልባ የምታህል የተዋሷት ጀልባ ላይ ወጥታ መቀመጫዋን በሁለት እጇ ጨብጣ የፊቷን ፍርሃት በሻሿ ሸፈነች። ፋሂምማ ዓይኑን ጨፍኖ ዱዓ ያደርግ ነበር። ሙሐመድሳኒ ከኋላ ሞተሩ ጋ ተቀመጠና ጀልባዋን ከዳር አራቀ።

«በጉቶው በላይ አሳልፈን» አለችው አፊፋ።

«ምን ያደርጋል፣ አዴ? አደገኛ ነው።»

«በጉቶው በላይ።»

ሙሐመድሳኒ ጥቂት አመነታና ሞተሩን አዘገመ። ጥቁሩ ጉቶ ከውሃው ሥር እንደተኛ እንስሳ ታየ። ዘለቀ ትንፋሹን ዋጠ። ጀልባዋ አምስት ሰው ይዛ በላዩ ተንሸራታ አለፈች፤ አንድም ነገር አልነካትም። ሙሐመድሳኒ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያይ ነበር።

መሐል ላይ ደረቁ ዋርካ አጠገብ ሲደርሱ ሞተሩ ጠፋ። አፊፋ የተበላሸ መስሏት ዞር አለች። ሙሐመድሳኒ ጎንበስ ብሎ የቆዳ ጫማውን አወለቀ፣ ሶልና ሶሉን ገጠመ፣ ከፊቱ ካለው መቀመጫ ሥር ሸጎጠው። ከዚያ ቆሞ መዳፎቹን ዘረጋ። ፋቲሐውን በዝግታ ጀመረ፤ መሐል ላይ ድምፁ ተቆረጠ። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ቃል አልወጣውም። መዳፉን ፊቱ ላይ አሳርፎ ተቀመጠ።

«የገንደ ኦዳ ልጆች ወግ ነው» ስትል ንግስት አንሾካሾከች። «ሥሩ መቃብራቸው ነው፣ እናት አባቶቻቸው ያሉበት። በጫማ አይታለፍም፤ ሞተርም አይጮህም።»

አፊፋ የተሸጎጠውን ጫማ አይታ ዓይኗን መለሰች። የምትፈልገውን አግኝታለች፤ ማግኘቷ ግን አላስደሰታትም።

ለቅሶ ቤቱ በር ላይ ጫማ ተደርድሯል። ከሁሉም ተነጥሎ ግድግዳ ጥግ አንድ ትልቅ ጫማ ቆሟል። ሰዉ ሁሉ ዙሪያውን ትቶ ያልፋል።

«የማን ነው?» ብላ አፊፋ ለጢፋን ጠየቀቻት።

«የሱ ነው» አለች የሸኩር ሚስት። ለቅሶ የደረቀባት፣ ቀጥ ያለች ሴት ናት። «ጠዋት እዚህ አውልቆ ባዶ እግሩን ይወጣል። ጫማ አድርጎ ጀልባ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ‹መንገዴ ሁሉ በእናቴ ላይ ነው፣ በየቀኑ ማውለቁ ይሰለቸኛል› ይል ነበር። አሰንዳቦ ገበያ እንኳን በባዶ እግሩ ሲሄድ ሰው ይስቅበታል።»

«ሊያደርገው ያሰበው፣ የሚያስጨንቀው ነገር ነበር?»

«የዓርቡ ስብሰባ። መንገድ ይሠራ ወይስ ጀልባው ይበቃል በሚል ሊወያዩ ነበር። ሰው ሁሉ ስለ ጀልባ እንዲሟገት የሚጠብቀው ሸኩርን ነው። እሱ ግን ‹በበጋ ጀልባ ይቁም፣ ጉቶው ሁሉ ይነቀል፣ ሰው ሳይሞት› ሊል ነበር። ወንድሜ ተቆጣው። ምስኪን፣ በሬዎቹን ሸጦ አዲስ ጀልባ እያሠራ ነው፤ ጀልባ በበጋ ከቆመ ምን ይበላል?» ይህን ያለችው ለወንድሟ አዝና ነበር።

አፊፋ ሁሉንም ውስጠኛው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ለጢፋ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ሙሐመድሳኒ ከጎኗ። ንግስትና ፋሂም ፊት ለፊት ሆኑ። ዘለቀ በሩ ላይ ቆመ።

«በዚህ ቤት ሁለት ሰዎች ሸኩርን ገደልን ብለውኛል» ብላ ጀመረች። «ፋሂም ጀሪካን አንስቷል። ወይዘሮ ንግስት በነፋስ ሰዓት ልከውታል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ግን ሁለቱም አልገደሉም።»

ፋሂም ቀና አለ።

«ጀልባ ውሃ ውስጥ የምትገባው በጭነቷ ልክ ነው። ቡና የጫነች ጀልባ ያንን ጉቶ ትመታዋለች። ባዶዋ ግን ከላዩ ታልፋለች፤ እኛ አምስት ሆነን አልፈናል። ውሃው ከዚያን ቀን ወዲህ ወረደ እንጂ አልጨመረም። ሸኩር የሄደው ባዶዋን ነው። ስለዚህ የፋሂም ወጥመድ ማንንም አልያዘም።»

«ታዲያ ቀዳዳውስ?» አለ ዘለቀ።

«ጉቶ የሚወጋው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው፤ ስንጥሩም ወደ ውስጥ ይገባል። የዚህች ጀልባ ስንጥር ግን ሻሼን የያዘው በውጭ በኩል ነው። የሰበራት ጀልባዋ ውስጥ የነበረ ሰው ነው።»

ከውጭ የሴቶች ልቅሶ ይሰማል።

«ሬሳው የተገኘው ዋርካው ሥር ነው። ነፋሱ ከማዶ ወደ አሰንዳቦ ነው የሚነፍሰው፤ ጉቶው ጋ ውሃው እስከ ደረት ብቻ ነው፣ እዚያ የሰጠመ ሰው ቢኖር እንኳ በነፋስ ላይ ወጥቶ ዋርካው ጋ አይደርስም። ስለዚህ ሸኩር ጉቶውን በሰላም አልፎ ዋርካው ጋ ደርሷል። እዚያ ሞተ። ከዚያ ሌላ ሰው ጀልባዋን ወደ ጉቶው መልሶ ሰበራት። እነዚህ የመሬት ሰዎች ናቸው፣ አይገባቸውም ብሎ ነው።»

አፊፋ የላስቲክ ጫማውን ከፌስታሉ አወጣችና ምንጣፉ ፊት አኖረችው።

«ይህ ጫማ ጀልባዋ ውስጥ ተገኘ። የሸኩር ነው ተባለ። የሸኩር ጫማ ግን በሩ ላይ ቆሟል፤ ትልቅ ነው፣ ጀልባም አያውቅም። ይሄኛው ያነሰ ነው። የተሸጎጠው ከፊተኛው መቀመጫ ሥር ነው፤ ነጂ ከኋላ ይቀመጣል፣ ረዳት ከፊት። የተሸጎጠውም ሶል ለሶል ተገጥሞ ነው። እንዲህ የሚያደርግ፣ ከዋርካው በላይ የሚያወልቅ የገንደ ኦዳ ልጅ ነው። ፋሂም ጀልባ ረግጦ አያውቅም፤ ወይዘሮ ንግስት የዚያ መንደር ሰው አይደሉም።»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ሙሐመድሳኒ፣ ወንድሜ፣ ጭቃ ለጭቃ በሰርግ ጫማ የምትሄደው የሥራ ጫማህ እዚህ ስለሆነ ነው።»

ሙሐመድሳኒ አልካደም። ትከሻው ብቻ ወረደ።

«ፋቲሐ አድርገን ጨረስን» አለ። «ከዚያ ለመንኩት። ዓርብ ዝም በል፣ ልጆቼን አስብ አልኩት። ‹በነዚህ ሙታን ፊት ቃል ገብቻለሁ› አለኝ። ገፋሁት። አንዴ ብቻ ነው የገፋሁት። ከውሃው ብቅ ብሎ ሳቀ እንኳን። ሸኩር እኮ ነው፣ እንደ ዓሣ የሚዋኝ። ዋርካው ላይ ወጥቶ ትንሽ ይቆይ ብዬ ሞተሩን አስነስቼ ሄድኩ። ቁጣዬ ሲበርድልኝ ተመለስኩ። ውሃው ዝም ብሎ ነበር። መረቡ እግሩን እንደያዘው በምን አውቃለሁ?»

«ጀሪካኑስ?» አለች አፊፋ።

«ስንነሳ አይተነው ነበር። ሸኩር ‹ስንመለስ እናስተካክለዋለን› ብሎ አለፈው። እኔ ስደነግጥ እሱ ትዝ አለኝ። ጀልባዋን ጉቶው ጋ መልሼ በመልህቁ ብረት ሰበርኳትና ጫማዬን ረስቼ ዋኝቼ ወጣሁ።» ፋሂምን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። «አንተ እጅህን ትሰጣለህ ብዬ አላሰብኩም። ከሰጠህ በኋላ ደግሞ ምላሴ ታሰረ።»

ለጢፋ እስከዚህ ድረስ አልተንቀሳቀሰችም ነበር። ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ጠራህ?»

«ለጢፋ...»

«መረቡ ሲይዘው ጠራህ ወይ?»

«ሞተሩ ይጮህ ነበር» አለ ሙሐመድሳኒ።

«ጠራህ ወይ?»

«ስሜን ጠራ» አለ በመጨረሻ። «ሁለቴ ጠራኝ። ለራሴ ሞተሩ ነው፣ አልሰማሁም አልኩት። ዞሬ አላየሁም።»

ለጢፋ አልጮኸችም። ተነስታ በሩ ላይ ወጣችና የባሏን ጫማ አንስታ ደረቷ ላይ አቀፈች። ባሏንና ወንድሟን በአንድ ሳምንት ያጣች ሴት ምን ማድረግ እንዳለባት የሚያውቅ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም።

ዘለቀ ካቴናውን ከፋሂም እጅ ፈትቶ ለሙሐመድሳኒ አጠለቀው። ፋሂም የእጁን አንጓ እያሻሸ አፊፋን አያት።

«እኔስ?»

«ያጠመድከው ወጥመድ ሰው አልያዘም። ግን አጥምደሃል፤ ለእሱ ትጠየቃለህ።»

ፋሂም ራሱን ነቀነቀ። ቀለል ያለው አይመስልም ነበር።

ሲመለሱ ጀልባዋን የነዳው የሸኩር ጎረቤት ነው። ዋርካው ጋ ሲደርሱ ሞተሩን አጠፋና ጫማውን አወለቀ። አፊፋም የራሷን አወለቀች፤ ማንም አላዘዛትም። ሙሐመድሳኒ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ አለ። ከዚያ ባዶ እግሩን አየ፤ የሰርግ ጫማው ለቅሶ ቤቱ በር ላይ ቀርቷል፣ ማንም አንሳው አላለውም ነበር። የታሰሩ እጆቹን አንድ ላይ ዘርግቶ ፋቲሐውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበ።

ነጂው ሞተሩን ሊያስነሳ እጁን ሲሰድ ሙሐመድሳኒ ቀና አለ።

«ትንሽ ቆይ» አለው። «ሞተሩ ከተነሳ፣ ሰው ቢጣራ አይሰማም።»

ነጂው አፊፋን አያት። አፊፋ ይጠብቅ ብላ በእጇ ምልክት ሰጠችው፤ ጀልባዋም ዋርካው አጠገብ ዝም ብላ ቆመች።